መጀመሪያ ስክሪኑን እዩ

ጤና ይስጥልኝ።

ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወላጆች፣ እናንተም እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ በልጆቻችሁ ተጎትታችሁ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ችግር የለም፤ ቁጭ በሉ፣ ብዙ አላስቆያችሁም።

ዛሬ የማወራው ኪስ ሳይጎዳ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ስለመገጣጠም ነው። ዕቃዎቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ስጨርስ የምትገጥሙት እናንተ ናችሁ። እኔ ካቻቢቴ አልነካም።

የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ አንድ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ? ያለኝ በጣም ይንቀራፈፋል" አለኝ። ግራፊክስ ካርድ ማለት የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ ነው። ስክሪንህ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኩት። "ባለ 144 ሄርዝ" ብሎ ደረቱን ነፋ። ቤት ሄጄ የዊንዶውስን የዲስፕሌይ ሴቲንግ ከፈትኩ። 60 ላይ ተቀምጧል። ልጁ ስክሪኑን ከገዛ ሰባት ወሩ ነው! 144 የምትለዋን መረጥኩለት። ማውሱን ወዲያ ወዲህ አደረገ። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "ካርዱ ይቆይ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው "ምን ልግዛ?" ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ስክሪኑን እንየው።

ምክንያቱም ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሠራው ለስክሪኑ ነው። 60 ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይቀይራል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 150 ፍሬም፣ ማለትም 150 ምስል፣ ቢያወጣ እንኳ ስክሪኑ በ60ው ነው የሚያድረው። ለፉክክር የምትጫወቱት አሁን እጃችሁን ልታወጡ እንደሆነ አውቃለሁ። አዎ፣ ፍሬም ሲበዛ ማውሱ ቶሎ ይታዘዛል፤ እውነት ነው። ግን ለዚያች ለውጥ ሁለት እጥፍ መክፈል ገንዘብ የተረፈው ሰው ጨዋታ ነው።

የፒክሰሉም ብዛት አለ። ፉል ኤችዲ የምንለው 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ ሁለት ሚሊዮን ከምናምን ነጥብ። ፎር ኬ ስምንት ሚሊዮን ያልፋል። ልክ አራት እጥፍ! ግራፊክስ ካርዱ እነዚህን ነጥቦች ለእያንዳንዱ ፍሬም እንደገና ማስላት አለበት። ስለዚህ ገንዘባችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ፉል ኤችዲ ላይ ቆዩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ለአንድ ጠረጴዛ የሚበቃ ስክሪን ላይ በጣም ያምራል።

ቀጥሎ ጌሙ። ቫሎራንት፣ ፎርትናይት፣ ሮብሎክስ፣ ማይንክራፍት፤ እነዚህ ቀለል ባለ ማሽን ይሄዳሉ። ሳይበርፐንክ 2077 ግን ሌላ ጉድ ነው። እውነት እንነጋገር፤ አብዛኞቻችሁ ከምሽቱ ዘጠና በመቶውን የምታሳልፉት ሁለት ወይ ሦስት ጌም ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ለነዚያ ግዙ። "አንድ ቀን እጫወተዋለሁ" ለምትሉት ጌም ዛሬ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው።

ይቺ ትንሿ ካሬ ፕሮሰሰሯ ናት፤ የኮምፒውተሩ አንጎል። ራይዘን 5 5600፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣች፣ ባለ 6 ኮር። አዲስ አይደለችም። ለፉል ኤችዲ ጌም ግን ትበቃለች። የምትቀመጥበት ሶኬት ኤኤም4 ይባላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካታ የራይዘን ትውልዶች እዚሁ ሶኬት ላይ ስለተሠሩ ያገለገለ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ለማግኘት ብዙ አትለፉም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ቆየት ያለ ማዘርቦርድ ባዮሱ፣ ማለትም ውስጡ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ካልታደሰ ይቺን ፕሮሰሰር አያውቃትም። ሻጩን ስለዚህ ጠይቁ። በኢንቴል በኩል ኮር አይ3-12100ኤፍ አለ፣ ባለ 4 ኮር። መጨረሻ ላይ ያለችውን "ኤፍ" ልብ በሉ። በውስጡ ግራፊክስ የለም ማለት ነው፤ ያለ ካርድ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

የተገላቢጦሽ ደግሞ ራይዘን 5 5600ጂ አለ። "ጂ" ያለችበት ግራፊክሱን ይዞ ይመጣል። ለካርድ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ ከሌላችሁ በዚህ ጀምሩ፤ ቀላል ጌሞችን ሴቲንግ ዝቅ አድርጋችሁ ትጫወታላችሁ። ካርዱ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። በዚህ መንገድ ለምትጀምሩ ግን ራማችሁ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ የግድ ሁለት ፍሬ ይሁን። አንድ ባለ 16 ጊጋ ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ግራፊክሱ የሚበላው ከዚያው ከራሙ ስለሆነ በሁለት መስመር ሲመጣለት ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታያል።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ከጠቅላላ ገንዘባችሁ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ብታወጡ አይቆጨኝም። ጠረጴዛው ላይ ያለው አርኤክስ 6600 ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለው፣ 132 ዋት የሚወስድ። ለፉል ኤችዲ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ፈጣኑ ዓይነት፣ ይሁን፤ ስለዚህ አልከራከርም። ኬዙ፣ ማለትም ሳጥኑ፣ አየር የሚያስገባ ይሁን። ቀለም የሚቀያይረውን መብራት በተመለከተ... ያምራል። ፍሬም ግን አይጨምርም።

አሁን ሁላችሁም የምትዘሉት ዕቃ ላይ ደረስን። ፓወር ሰፕላይ፤ ለሌላው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው።

ከዓመታት በፊት ለጎረቤታችን ልጅ ኮምፒውተር ገጠምኩለት። ገንዘቡ ትንሽ ጎደለችና ፓወር ሰፕላዩን ከርካሹ ገዛን። ላዩ ላይ "600 ዋት" ተጽፏል። ሳነሳው እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለኝ። ያኔ ነበር መመለስ የነበረብኝ። አልመለስኩም። ከአራት ወር በኋላ አንድ ምሽት ልጁ እየተጫወተ "ጧ!" አለ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ልጁ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። ማዘርቦርዱን ከኪሴ ከፈልኩ።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እለፉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ። ፕሮሰሰሩም ካርዱም በዋናነት የሚጠጡት ከዚያ ነው። 600 ይላል ተብሎ 12 ቮልቱ 300 ዋት ብቻ ከሆነ፣ የገዛችሁት ባለ 300 ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ደግሞ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደማያባክን ነው የሚናገረው፤ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ስለሌላው ጥራት ሁሉ ምስክር አይሆንም። እዚህ ላለው ኮምፒውተር ታማኝ የሆነ ባለ 500 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ታማኝ ያልሆነ ባለ 800 ግን አልቀበልም። ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ አትግዙ። ደግሞ በምንም ምክንያት አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ወላጆች፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ።

ሌላው ያገለገለ ዕቃ ግን ወዳጃችን ነው። በተለይ ግራፊክስ ካርድ። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈሩ፣ ማለትም ካርዶች ቀን ከሌት እያሰሉ ገንዘብ ማግኘታቸው፣ ሲያቆም ብዙ የቁፋሮ ካርዶች ገበያ ወጥተዋል። "የቁፋሮ ከሆነ አልነካም" የሚል ሰው አለ። እኔ እነካለሁ፣ ግን አይቼ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ፋኖቹን በጣቴ አዟዙሬ የሚንገጫገጭ ካለ አያለሁ። ብሎኖቹ ተፋፍቀው እንደሆነ፣ ማለትም ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ፣ እመለከታለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ይሂድ እላለሁ። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ እኔም ገንዘብ የለኝም።

ማጭበርበሩም አለ። የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ ራሱን በአዲስ ስም የሚጠራ አጋጥሞኛል። ዊንዶውስ ያምነዋል። ጂፒዩ-ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ ሁሉ የሚረክስ መንገድ ደግሞ አለ፤ ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተር። ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤሊትዴስክ፣ ቲንክሴንተር የሚባሉት። እነሱ ላይ ጂቲኤክስ 1650 ብትጨምሩ ቀላል ጌሞች በደንብ ይሄዳሉ። ይሄ ካርድ የሚፈልገው 75 ዋት ነው፤ ይህን ደግሞ ማዘርቦርዱ ራሱ በመሰኪያው በኩል ይሰጣል። ስለዚህ ተጨማሪ ገመድ የማያስፈልገውን ዓይነት ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቁመቱን ለኩ። ቀጫጭኖቹ ኬዞች አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውም የራሳቸው ቅርጽ ስላለው በኋላ ልቀይር ብትሉ ያስቸግራል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ አብቅቷል።

በቃ፣ ወደ ሥራው። ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ነገር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለመግጠም ሦስት ሰዓት ያዙ እንጂ አርባ ደቂቃ አትበሉ። ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ይወጣል። ፕሮሰሰሯ ጥግ ላይ ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ሶኬቱም ላይ አለች። ሁለቱን አገጣጥሙ፣ ማንሻውን ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ልቀቋት። በራሷ ክብደት ትገባለች። እንቢ ካለች አትጫኗት፤ ከሥሯ ያሉት እግሮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው።

ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው በኩለሩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል። ኩለሩ ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ ካለው ላጡት። አትሳቁ! ፕላስቲኩን ሳይልጥ ገጥሞ "ኮምፒውተሬ ለምን ይግላል?" ያለኝ ትልቅ ሰው አለ፣ መሐንዲስ። ራሙን "ቀጭ" እስኪል ግፉት፤ እዚህ ላይ ጉልበት ይፈቀዳል። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገባው፤ ግን መጽሐፉን አንብቡ፣ እዚያው አለ።

ስታበሩት ምንም ላያሳይ ይችላል። አትደንግጡ። መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን የኋላ ማብሪያ እዩ። ቀጥሎ ራሙን ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት። ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ከሆነ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ተመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ንቀሉና ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ውስጥ አስገቡት። ዊንዶውስ ሲገባ ደግሞ የዲስፕሌይ ሴቲንጉን ክፈቱና ሄርዙን እዩልኝ። የእህቴን ልጅ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያየኝ እሱ ነው፤ ገመድ በማሰር የሚረዳችሁም እሱ ነው።

ያለን ካቻቢቴ ሁለት ነው፣ ጫፋቸው ማግኔት ያለው። አራት አራት ሆናችሁ ኑ። ብሎኖቹን ከዚያች ክዳን ውስጥ አታውጡ፤ አንዷ ከጠፋች ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ የምፈልገው እኔ ነኝ።