ነዋሪው ያው፣ ገበያተኛው ሌላ
እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግሬ በአሪዞና፣ በሰን ሲቲ የቆዩ ፕላዛዎች፣ ማለትም የሱቅ ማዕከሎች፣ መስኮት ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት አይታችሁ ስልክ ለመደወል ላሰባችሁ ነው። ምግብ ቤትም ይሁን ፀጉር ቤት ወይም ባልትና፣ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ደላላው በሚጠራላችሁ የነዋሪ ብዛት አትመኑ።

ሰን ሲቲን የዴል ዌብ ኩባንያ ለጡረተኞች የከፈተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነው። የገበያ ማዕከሉ፣ ናሙና ቤቶቹና የጎልፍ ሜዳው አብረው ነው ለጎብኚ የቀረቡት። በ1980 ቆጠራ 40,505 ነዋሪ ነበረው፤ በ2020 ደግሞ 39,931። ያው ነው ማለት ይቻላል። ግን በ1980 ስድሳ ዓመት የነበረው ሰው በ2020 መቶ ይሞላዋል። ሰዉ ከሞላ ጎደል ተተክቷል። የተተካውም ባንድ ጊዜ ሳይሆን ቤት በቤት ነው፤ አንዱ ሲያርፍ፣ ሌላዋ ልጆቿ ዘንድ ስትሄድ። አንድ መንገድ ላይ የ91 እና የ57 ዓመት ጎረቤታሞች ይኖራሉ፤ ባለሱቁን የሚያስቸግረው ይሄ ድብልቅ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ መንደር የዕድሜ ገደቡን ይዞ እንዲቆይ፣ ሰው ካለባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው አንድ ሰው መኖር አለበት ይላል። አንድ ሰው ይበቃል፤ ባል 58 ሆኖ ሚስት 46 ልትሆን ትችላለች። በ1965 የተወለደ በ2020 ደጁ ተከፍቶለታል፤ ብዙው ገና ደመወዝተኛ ነው።

የሴቶች ፀጉር ቤትን እንውሰድ። የድሮዋ ደንበኛ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ታጥባ፣ በቢጉዲ ተጠቅልላ ካስክ ሥር ትቀመጣለች። በዓመት 52 ጊዜ። አዲሷ ለቁርጥና ለቀለም በየሰባት ሳምንቱ ብቅ ትላለች፤ በዓመት ሰባት ጊዜ ቢሆን ነው። እንግዲህ አንዲት የዓርብ ደንበኛ ስታርፍ፣ ያንኑ ወንበር ለመሙላት ሰባት አዲስ ሴት ያስፈልጋል። አዲሷ ለአንዱ ቀለም የምትከፍለው የበለጠ ስለሆነ ገንዘቡ ሊካካስ ይችላል። ካስኩ ግን ሥራ ይፈታል፤ ፀጉሯ እስኪደርቅ ጎረቤት ሱቅ ካርድና ኬክ የምትገዛዋም ትቀራለች። ኪሳራው ወደሚቀጥለው በር የሚሻገረው እንዲህ ነው።

ለፕላዛው ገበያተኛ የሚስበው ዋናው ተከራይ፣ ሱፐርማርኬቱ፣ ሲወጣ የባሰ ነው። አንዳንዱ ሱፐርማርኬት ከወጣ በኋላም ውሉ እስኪያልቅ ኪራዩን ይከፍላል፤ ተፎካካሪ እንዳይገባበት በሩን ዘግቶ ይይዘዋል። አንዳንዴም «እዚህ ቦታ ላይ የምግብ ሸቀጥ አይሸጥም» የሚል ገደብ በቦታው የይዞታ ሰነድ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በርበሬና እንጀራ የምትሸጡ ሰዎች ይህን በጠበቃ ሳታስፈትሹ አትፈርሙ። በውሉ ውስጥም «ዋናው ተከራይ ከወጣ ኪራዬ በዚህን ያህል ይቀንሳል፣ ካልሆነም ልወጣ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ጠይቁ። ከፈረማችሁ በኋላ ማንም አይሰጣችሁም። ማቆሚያውንና የጋራ ቦታውን ለመጠበቅ ተከራዮች የሚካፈሉትን ወጪም፣ ካም የሚሉትን፣ የሦስት ዓመት ደረሰኝ እዩ፤ ባዶው ሱቅ ሲበዛ የእሱ ድርሻ በእናንተ ላይ ይከፋፈል እንደሆነ ውሉ ይናገራል።

ባዶውን ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሕክምና ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የኩላሊት እጥበት። ለአከራዩ ጥሩ ተከራይ ነው። ለጎረቤት ሱቅ ግን ታካሚ ገበያተኛ አይደለም፤ በቀጠሮው ገብቶ ደክሞት ይወጣል። ከዚህ የሚለየው የኩላሊት እጥበት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ታካሚው አይገዛም፣ ያመጣው ሰው ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቡና ላሰበ ሰው የኩላሊት እጥበቱ ደጃፍ ከባንክ ደጃፍ ይሻላል።

የቤት ዕቃ ሱቅ ያሰባችሁ ካላችሁ ባጭሩ፦ ከሟች ቤት የሚወጣው ከባድ ቡፌና የሸክላ ሳህን ብዙ ነው፣ አዲስ የሚገባው ነዋሪ ግን አይፈልገውም። በነፃም ቢሰጧችሁ መጋዘን ይበላባችኋል።

አሁን ትልቁ ስህተት። ባለሱቁ ወጣት የሚላቸውን፣ የ57 ዓመቶቹን መሆኑ ነው እንግዲህ፣ ለመሳብ ብሎ መብራቱን ያደበዝዛል፣ ሙዚቃውን ይከፍታል፣ ረጃጅም በርጩማ ያስገባል፣ ሜኑውን ስልክ ላይ ያደርጋል። የጠዋቱ ሽያጭ በወሩ ይወርዳል፤ ጠዋት የሚገዙት አዛውንቶቹ ነበሩና። የረፋዱን ለእነሱ፣ ከሥራ መልስ ያለውን ለአዲሶቹ አድርጉት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዘጋ ሱቅ ደመወዝተኛውን አያገኘውም። መተላለፊያው 36 ኢንች ከሆነ አንድ ዊልቸር ያሳልፋል፤ ሁለት እንዲተላለፉ 60 ኢንች ያስፈልጋል። የባንኮኒው አንድ ክፍል ከ36 ኢንች አይብለጥ፤ የበሩ ደፍ ከግማሽ ኢንች አይለፍ። መደገፊያ እጀታ ያለው ወንበር በር አጠገብ አስቀምጡ፤ እጀታ ከሌለው ተቀምጠው መነሳት ያቅታቸዋል። አንድ የመኪና ማቆሚያ ሁለት ጎልፍ ካርት፣ ነዋሪው በመንደሩ የሚነዳትን ትንሿን መኪና፣ ይችላል፤ የማቆሚያውን መስመር ለመቀባት የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት እንግዶች ወደ ሰሜን ከተመለሱ በኋላ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጁላይና በኦገስት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ኪራዩ ግን አይቀዘቅዝም። የሁለቱን ወር ኪራይ በፌብሩዋሪ ሽያጭ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሰን ሲቲ ያለበት የማሪኮፓ ካውንቲ አሴሰር፣ ማለትም የቤትና የመሬት ግምት ቢሮው፣ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። ቤቱ መቼ እንደተሸጠ ለማንም ክፍት ነው። በፕላዛው ዙሪያ ካሉት መንገዶች አምስቱን ምረጡና ባለፉት አምስት ዓመታት የተሸጡትን ቤቶች ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ማታ ማቆሚያው ላይ ቁሙ፤ ስንት ካርት፣ ስንት መኪና፣ ስንቱ ከረጢት ይዞ እንደወጣ ጻፉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ ውሉን አብረን እናነበዋለን።