የቪሚናኪዩም ሳንቲምና የሦስተኛው ክፍለ ዘመን የገንዘብ ቀውስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቪሚናኪዩም ዛሬ ሰርቢያ ውስጥ ኮስቶላክ አጠገብ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር የነበረች የሮማ የድንበር ከተማ ናት። ሰባተኛው ክላውዲያ የተባለው ሌጌዎን (የሮማ ጦር ክፍል) ሰፍሮባት ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የከተማዋ ሳንቲም የወጣበትን ዓመት ራሱ ይናገራል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ከተማዋ የነሐስ ሳንቲም ማውጣት የጀመረችው በ239፣ በሮማው ንጉሥ በጎርዲያን ሦስተኛ ዘመን ነው። በጀርባው አንዲት ሴት በበሬና በአንበሳ መካከል ቆማለች፤ እንስሳቱ የሁለት ሌጌዎኖች ምልክት ናቸው። ከእግሯ ሥር በሮማ ቁጥር የተጻፈው ከ239 ጀምሮ የተቆጠረ ዓመት ነው፤ 238 ላይ ይደምሩት። 7 ከሆነ 245 ያገኛሉ፤ ዓመቱ የሚለወጠው በመኸር ስለሆነ ግን 245/246 ብለው ይመዝግቡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ይህ የተሠራበት ዓመት እንጂ መሬት ውስጥ የገባበት አይደለም። ፊቱ ያለቀ ሳንቲም አሥርተ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከተማዋ ሳንቲም ማውጣቷ በ255 አካባቢ ለምን ቆመ? ከዳኑብ ማዶ የሚወርሩት ጎቶች ናቸው ያስቆሙት?

ጦርነቱ እጁ አለበት፤ እኛ ግን ሒሳቡን እናስቀድማለን። ንጉሥ ካራካላ በ215 ያወጣው አንቶኒኒያኑስ የተባለ ሳንቲም የሁለት ዲናር (የተለመደው የሮማ የብር ሳንቲም) ዋጋ ተሰጠው፤ በውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ተኩል ዲናር ያህል ብቻ ነበር። መጀመሪያ 5 ግራም ገደማ ሲመዝን ግማሹ ብር ነበር። ከዚያ በየጊዜው እየተበረዘ ሄዶ፣ ንጉሥ ጋሊየኑስ በሞተበት በ268 ክብደቱ 3 ግራም ገደማ፣ ብሩም ከመቶ 5 በታች ሆነ። ላዩ ስስ የብር ቅብ ነው፤ የንጉሡ አፍንጫና ዘውድ ላይ ቶሎ ይለቅና መዳቡ ቀልቶ ይታያል።

አሁን ያስሉት። አንድ አንቶኒኒያኑስ በሕጉ ሴስተርቲየስ በተባለው ትልቅ የነሐስ ሳንቲም 8 ይመነዘራል፤ ስምንቱ ሲመዘኑ ከ100 ግራም በላይ ነሐስ ናቸው። ይህን ሁሉ ነሐስ በ3 ግራም መዳብ የሚለውጥ ማን አለ? ትልልቁ ነሐስ ወይ ተቀበረ፣ ወይ ቀለጠ። ለሚያወጣው ከተማም ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ወታደሩ ታዲያ በምን ኖረ?

እየዋለ ሲያድር በዓይነት፦ እህል፣ ሥጋ፣ ወይን፣ ልብስ። ከገበሬው በግብር ይሰበሰብና ለጦሩ ይከፋፈላል። ንጉሥ ሲሾም ወርቅ ይታደላል፤ ወታደሩ የሚያምነው እሱን ነው። (የአክሱሙ ኢንዱቢስም የወርቅና የብር ሳንቲም ማስቀረጽ የጀመረው በዚሁ ዘመን፣ 270 ገደማ ነው።) ነገሥታቱ ኦሬሊያን በ274፣ ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ሳንቲሙን ቢያሻሽሉም ዋጋው አልረጋም። በ301 የወጣው የዋጋ አዋጅ በጦር ሰፈር መስፈሪያ ለሚለካ አንድ ቁና ስንዴ 100 ዲናር ጣሪያ አደረገ፤ ከዚያ በላይ የሸጠ በሞት ይቀጣ ነበር። ነጋዴው ዕቃውን ደበቀ።