ራስ ምታት ለሚመላለስባችሁ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ መስመሩ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ በደወላችሁ አድማጮች ተጨናንቆ ነበር። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሚመላለስ ራስ ምታት ነው። በአየር ሰዓቱ ያልጨረስኩትን እዚህ ጨምሬ ጽፌላችኋለሁ። ሁሌ የምላችሁን ዛሬም እላለሁ፦ ማስታገሻ የዋጣችሁበትን ቀን ቁጠሩ።

ማይግሬን ይሁን ተራ ራስ ምታት በምን ልለየው? (ከለገጣፎ)

ማይግሬን ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይይዝና ከልብ ምት ጋር ውግት ውግት ያደርጋል። ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፣ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። በውጥረት የሚመጣው ደግሞ ጭንቅላትን ዙሪያውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ ማጅራትና ትከሻ ያከብዳል፣ ግን አልጋ ላይ አይጥልም።

ማይግሬን ሊነሳባቸው ሲል ዓይናቸው ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር የሚያዩ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሚሆንባት ሴት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሟ ትንገር። ሁለቱ ሲገናኙ ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድሏን ይጨምራሉ፤ ሌላ አማራጭ ደግሞ ሞልቷል።

ሳይነስ አለብኝ፤ ብርድ ሲነካኝ ግንባሬን ይይዘኛል።

«ሳይነሴ ተነሳ» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ሲመረመሩ ማይግሬን ነው የሚሆነው። ትኩሳትና ወፍራም ንፍጥ ሳይኖር አንቲባዮቲክ አትግዙ።

መነጽር ባደርግ ይተወኛል?

ስታነብ ብቻ ከሆነ የሚያምህ፣ ሊሆን ይችላል፤ የዓይን ሐኪም ይይህ።

በየቀኑ ያመኛል። ጠዋት 2 ፓራሲታሞል ካልወሰድኩ ሥራ አልገባም፣ ከሰዓት ዳይክሎፌናክ እጨምራለሁ። ለምንድነው የማይተወኝ? (ከቱሉ ዲምቱ)

እህቴ፣ እስቲ ረጋ ብለሽ ስሚኝ፤ ሌሎቻችሁም ስሙ፣ ምክንያቱም ይሄ የአንድ ሰው ጥያቄ አይደለም። አሁን በየቀኑ የሚያምሽ በአብዛኛው ከማስታገሻው የተነሳ ይመስለኛል። መጀመሪያ ማይግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት ነበር፣ ኪኒን ወሰድሽ፣ ተወሽ። ቀስ በቀስ ቀኑ ተደጋገመ። አእምሮ ማስታገሻውን ሲለምድ፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ አንቺም ሌላ ፍሬ ትውጫለሽ። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም።

ልኩ ይታወቃል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ፣ ኤርጎታሚን የሚባለው የማይግሬን መድኃኒት ወይም በአንድ ፍሬ ከአንድ ዓይነት በላይ መድኃኒት ያለበት ቅልቅል ማስታገሻ ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እኔ ለታካሚዎቼ የምላቸው በሳምንት ከ2 ቀን አይለፍ ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አውርዱና የዋጣችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ክበቡ። በወሩ መጨረሻ ስታዩት ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ።

አንዳንድ ሴቶች ቦርሳቸውን ሲከፍቱልኝ ከቁልፉና ከሳንቲሙ ሥር ሦስት ዓይነት የተጀመረ እሽግ ይወጣል። አንዱን ፋርማሲ ሰጣቸው፣ አንዱን ጎረቤት፣ አንዱን ባለሱቅ በፍሬ ሸጠላቸው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጥቅሙን ሳይሆን ጉዳቱን ነው የሚጨምረው። ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይገድላል። የጉንፋን ኪኒኖችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፣ እሱንም ቁጠሩት።

መፍትሔው ማቆም ነው። አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ይብስብሻል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተሸንፎ ወደ ኪኒኑ የሚመለሰው። ካለፍሽው ግን በሳምንታት ውስጥ ይቀልሻል። ትራማዶል የምትወስዱ ብቻ በራሳችሁ በአንዴ እንዳታቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ እያለ ይቀንስላችሁ።

ለአንቺ የሚከላከል መድኃኒት ሊያስፈልግሽ ይችላል፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝላቸው «የድብርት መድኃኒት ሰጠኝ» ብለው የሚጥሉት አሉ፤ በትንሽ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ ለራስ ምታትም ያገለግላል። ውጤቱን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ታገሺ። ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ፣ ቁርስ ሳትቀምሺ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ እስከ ምሳ ውሃ ሳትጠጪ የምትውይ ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ዳቦም ቢሆን ያዢ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ካላንደሩን ይዘሽ ሂጂ።

በጾም እስከ 9 ሰዓት ስቆይ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል።

የቡና ሐራራም አለበት። በቀን 3 እና 4 ሲኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ያመዋል። ጾሙ ሊገባ ሲል ቡናውን በየቀኑ ቀንስ፣ ሌሊት ውሃ ጠጣ። ማይግሬንህ ከባድ ከሆነ የንስሐ አባትህን አማክር።

ግፊት አለብኝ። ራሴን ሲያመኝ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ሲተወኝ አቆማለሁ። (አንድ አባት፣ ከሱሉልታ)

አባቴ፣ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። ግፊት እጅግ ካልናረ በስተቀር ራስ አያሳምምም፤ ዝም ብሎ ነው ልብና ኩላሊት የሚጎዳው፣ ስትሮክ የሚያመጣው። ራስዎን አላመመዎትም ማለት ግፊትዎ ወርዷል ማለት አይደለም። ኪኒንዎን በየቀኑ ይዋጡ፣ ግፊትዎን ይለኩ፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ አይንኩ።

ክረምት ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ራሱን ይዞ ይነሳል። ቤታችን ስለሚቀዘቅዝ ከሰል አስገብተን ነው የምናድረው። (ከኮዬ ፈጬ)

ዛሬ ማታ አታስገቡ! ይሄ ምክር ሳይሆን ልመና ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ትላላችሁ፤ የሚገድለው እኮ የማይታየው ነው። ሁላችሁንም አንድ ላይ ካመማችሁና ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ ጋዙ ነው። ሰው እንደተኛ ይቀራል። የቡናውንም ከሰል ቢሆን በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ሲያልቅም ወደ ውጭ። አሁንም የሚያዞረው ወይም የሚያስመልሰው ካለ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ሲቲ ስካን ልነሳ?

ለዓመታት ሲመላለስ የኖረና ጠባዩ ያልተለወጠ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ገንዘብህን ቆጥብ። ግን በሕይወትህ አይተኸው የማታውቀው ሕመም በቅጽበት ከመታህ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም አፍ ከተኮላተፈ፣ ጭንቅላትህን ከተመታህ በኋላ ከመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ከጀመረህ፣ ያኔ ዳማከሴ እያሸተትክ አትቆይ። ሐኪም ያስፈልግሃል።

የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሦስት ቀኔ ነው ራሴን ሲያመኝ፣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ ፊቴም አብጧል። ፓራሲታሞል ልውሰድ?

ይሄ በስልክ የሚመለስ አይደለም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ግፊትሽን ይለኩሽ፣ ሽንትሽን ይመርምሩልሽ። የክትትል ቀጠሮሽን አትጠብቂ። ሰው ይዘሽ ሂጂ።