እሳቱ ስንት ዲግሪ ነበር?

የተከበራችሁ የወለቃ ሸክላ ሠሪ እናቶችና እኅቶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

በቀኝ እጄ የእንስራ ስባሪ፣ በግራዬ ከመብራት ምሰሶ የወረደ፣ ኤሌክትሪክ ከሽቦው ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚከላከል ፖርሴሊን ኢንሱሌተር ስባሪ ይዣለሁ። ሁለቱም አፈር ነበሩ። በተሰበረው ገጻቸው ላይ ውኃ ጠብ ላድርግባቸው፤ እዩ። እንስራው ወዲያው ጠጣው። ፖርሴሊኑ ላይ ግን ጠብታዋ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ቀረች።

የአፈሩ ዓይነት ድርሻ አለው፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን እሳቱ ነው። ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት የሚተኮስ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያገኛል። ቅንጣቶቹ ጫፍ ለጫፍ ይያያዛሉ፣ በመካከላቸው ቀዳዳ ይቀራል። እንስራ በዚያ ቀዳዳ ሲያልበው ነው ውኃው የሚቀዘቅዘው። ይህን ጉድለት የሚለው ሰው ቢኖር አልስማማም! ኢንሱሌተር ግን እርጥበት ከጠጣ ኤሌክትሪኩ ሾልኮ ያልፍበታል። ስለዚህ ፖርሴሊን ከ1200 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል፤ በውስጡ ያለው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ቀልጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። እሳቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በውስጡ አየር ይቋጥርና ያብጣል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቫሪስተር ነው። ክረምት መብረቅ ሲበዛ የኤሌክትሪክ መስመርን የሚጠብቀው ይህ ሴራሚክ በአብዛኛው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ቅንጣትና ቅንጣት የሚገናኙበት እያንዳንዱ ድንበር 3 ቮልት ያህል ይመክታል፤ ከዚያ ካለፈ በሩን ከፍቶ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል። እናስላው፦ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) የሆኑ ቅንጣቶች ቢደረደሩ ድንበሩ 100 ያህል ነው፤ 300 ቮልት ይመክታል። ምድጃው ሲግል ቅንጣቶቹ ይወፍራሉ። 20 ማይክሮሜትር ከደረሱ 150 ቮልት ብቻ ይቀራል። ዱቄቱ ያው፣ ቅመሙ ያው፤ የተለወጠው እሳቱ ነው።

ተማሪዎች፣ «በከፍተኛ ሙቀት ተተኮሰ» የሚል ሪፖርት አታምጡልኝ። ስንት ዲግሪ? ስንት ሰዓት ቆየ? ተማሪ ሳለሁ የምድጃው ቴርሞኮፕል፣ ማለትም የሙቀት መለኪያው፣ ተበላሽቶ ሳላውቅ የሁለት ሳምንት ናሙናዬ ተጣሞና እርስ በርሱ ተጣብቆ ወጣ። እናቶቻችን ግን የፍሙን ቀለም አይተው፣ ሸክላውን በጣታቸው ኳ አድርገው ድምፁን ሰምተው ይለያሉ።

እናቶቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ስትተኩሱ ተማሪዎቼ ቴርሞኮፕል ይዘው ይምጡ፤ ከክምሩ ሥር፣ ከመሀሉና ከላዩ ሙቀቱን ይለኩ። ከየቦታው የወጣውን ሸክላ ውኃ ውስጥ ከመንከራችን በፊትና በኋላ እንመዝነዋለን። የትኛው «በስሏል» እንደሚባል ግን መጀመሪያ እናንተ ንገሯቸው፤ እነሱ ጽፈው ይያዙት።