«ከየትኛው ልጀምር?» ለምትሉኝ፦ ስለ ብራያን ኢኖ ሥራዎች ሐዋሳ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ!

ሐዋሳ ውስጥ ለቅዳሜ ማታ ስንት መሄጃ እያለ እዚህ መምጣታችሁን አመሰግናለሁ። ታላላቆቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሰርግ ነው። ከስፒከሩ አጠገብ ቆሜ «ጨምርበት እንጂ!» ስባል የምጨምረው ሰውዬ እኔ ነኝ። ዛሬ የማወራላችሁ ግን አብዛኛው ሥራው ወደ መቀነስ ስላደላ ሙዚቀኛ ነው።

ብራያን ኢኖ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በ1948 ሰፎክ በሚባል አካባቢ ተወለደ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ስለምጠራ እንዳትደናገሩ። ስሙን ሰምታችሁ ባታውቁ እንኳ ሥራውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ዊንዶውስ 95 ሲከፈት የምትሰማዋን አጭር ዜማ ያስታውሳል። የሠራት እሱ ነው። የሚያስቀው ደግሞ የሠራት ማክ ላይ መሆኑ ነው። ዩ ቱ እና ቶኪንግ ሄድስ የሚባሉትን የሮክ ባንዶች ፕሮዲውስ አድርጓል፤ ከዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ጋር ሠርቷል። ይህን እዚሁ ላይ ልተወው። የመጣሁት በራሱ ስም ላወጣቸው አልበሞች ነው።

እነሱ ደግሞ መዓት ናቸው። ብቻውን የሠራው አለ፣ ከሌላ ጋር የሠራው አለ፣ ለፊልም፣ ለኤግዚቢሽን፣ ለስልክ ሳይቀር የሠራው አለ። ልጆቹ ስልካቸውን ከፍተው ዝርዝሩን ሲያዩ «ኧረ ከየትኛው ልጀምር?» ይሉኛል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ከላይ ጀምሮ በተራ መውረድ ነው። አይሆንም። ጸጥ ያለ ነገር ፍለጋ መጥታችሁ የ1974ቱን «ሂር ካም ዘ ዋርም ጄትስ» ብትከፍቱ በጊታር ጩኸት ትደነግጣላችሁ። ጥሩ አልበም ነው፤ ግን በዚያ በር የገባ ሰው ቶሎ ይወጣል።

በተራ አትሂዱ የምለው ለዚህ ብቻ አይደለም። በ1982 «ኦን ላንድ» የሚባል አልበም አወጣ። ለአልበሙ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የቁራ፣ የእንቁራሪትና የነፍሳት ድምፅ እንደተጠቀመ ይነግረናል። ከዚያ ደግሞ የራሱን የቀድሞ ሥራዎች በሙሉ እንደ ጥሬ ዕቃ አስገባኋቸው ይላል። አሮጌው ሥራ በአዲሱ ውስጥ ይፈጫል። ነገሩን ከብስባሽ ማዳበሪያ ጋር ያመሳስለዋል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ መቁጠር ብዙ አያስኬድም። የ1975ቱ ሥራ የ1982ቱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

እኔ የምመክረው አንድ ሐሳብ ይዞ እሱን መከተል ነው። የድምፅ ሰው ስለሆንኩ የያዝኩት ቴፑን ነው። ካሴት የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክሩ ሲወጣ በቢክ እስክሪብቶ እያዞርን የምንመልሰውን ማለቴ ነው። በ1973 ኢኖ ከጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ጋር አልበም ሲሠራ ሁለት ትልልቅ የሪል ቴፖችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ጊታሩን ይቀዳል። ክሩ ተዘርግቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያጫውተዋል። የተጫወተው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይገባል። አንድ ሰው የመታት ኖታ እየዞረች ከራሷ ጋር ትደራረብና ቀስ እያለች ትጠፋለች።

ከዚያ 1975 መጣ። ታክሲ ገጨውና አልጋ ላይ ዋለ። ጓደኛው ልትጠይቀው ስትመጣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የበገና መሰል መሣሪያ፣ የሃርፕ ሙዚቃ ሸክላ ይዛለት መጣች። እሷ ከሄደች በኋላ እንደምንም ተነስቶ ሸክላውን ከፈተና ተመልሶ ተኛ። ለካ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሏል። አንደኛው ስፒከርም አይሠራም። እንደገና ለመነሳት አቅም የለውም። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፤ ሃርፑ ከዝናቡ መሃል አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እኔ አንድ ስፒከር ሞቶ ባገኝ ላብ ያጠምቀኛል። እሱ ግን ዝም ብሎ አዳመጠ። በዚያው ዓመት «ዲስክሪት ሙዚክ» ወጣ። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከ30 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። በሲንተሳይዘር የተሠሩ ሁለት አጫጭር ዜማዎች ናቸው፤ ርዝመታቸው አይገጥምም፤ በነዚያው ሁለት ቴፖች ውስጥ ይዞራሉ።

የማይገጥም ርዝመት ያልኩትን ያዙልኝ። «ሙዚክ ፎር ኤርፖርትስ» የወጣው በ1978 ነው። ሐሳቡ የመጣለት ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው። አንደኛው ሥራ ላይ ሴቶች አንድ አንድ ኖታ ያዜማሉ። እያንዳንዷ ኖታ በራሷ የቴፕ ቀለበት ላይ ናት። አንዷ በየ23 ሰከንድ ተኩል ትመለሳለች። ሌላዋ ወደ 26 ሰከንድ ይፈጅባታል። ሦስተኛዋ 30 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የምትመጣው። ክሩ ከመርዘሙ የተነሳ ስቱዲዮው ውስጥ በብረት ወንበሮች እግር ላይ እየተጠመዘዘ ነበር የሚዞረው። መናኸሪያ የቆመ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ረዳት «ሻሸመኔ!» ይላል፣ ሌላው «ዲላ!»፣ ሌላው «ዝዋይ፣ ሞጆ፣ አዲስ አበባ!» ሁሉም በራሱ ጊዜ ይደጋግማል። ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ጊዜ አለ፤ ሦስቱ እኩል የሚሉት ግን ስንት ቆማችሁ ነው? እዚህም እንደዚያው ነው። ቃሉ ያው ነው፤ አሰላለፉ ግን አይደገምም። ኢኖ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ልብ ብላችሁ ብትሰሙትም ችላ ብትሉትም እኩል መሥራት አለበት ባይ ነው።

ይህን ከያዛችሁ በኋላ ዕቃው ሲቀየር ሙዚቃው እንዴት እንደተለጠጠ ተመልከቱ። ሸክላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ያቆመው ነበር። ሲዲ ሲመጣ በ1985 «ተርስደይ አፍተርኑን» ን አወጣ፤ 61 ደቂቃ፣ አንድ ሥራ፣ ምንም ማቋረጥ የለም። ገጽ መገልበጥ ቀረ። በ2008 ከፒተር ቺልቨርስ ጋር ብሉም የሚባል የስልክ አፕ ሠራ፤ ስክሪኑን ስትነኩት ኖታ ይወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይቀጥላል። በ2017 «ሪፍሌክሽን» መጣ። እንደ አልበም 54 ደቂቃ ነው፤ እንደ አፕ ግን አያልቅም፣ ከሰዓቱ ጋርም ይቀያየራል። እንግዲህ «ሁሉንም ሰምቼ ልጨርስ» ያለ ሰው እዚህ ጋ ምን ሊያደርግ ነው?

ሁሉም ወርቅ ነው አልልም። የ1997ቱ «ዘ ድሮፕ» ለእኔ እስከዛሬ አልገባ ብሎኛል። የ1993ቱን «ኔሮሊ» አንዳንዱ እንቅልፍ ነው ይለዋል፤ እኔ ሽቦ ስበይድ የማዳምጠው እሱን ነው። ፒያኖ የምትወዱ፣ በተለይ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ የለመደ ጆሮ ያላችሁ፣ በ1980 ከፒያኖ ተጫዋቹ ሃሮልድ በድ ጋር በሠራው አልበም ግቡ። ከዚያ «አፖሎ» አለ፤ በ1983 ከወንድሙ ከሮጀርና ከካናዳዊው ዳንኤል ላንዋ ጋር፣ ስለ ጨረቃ ጉዞዎች ለሚተርክ ፊልም የሠሩት። ውስጡ የካንትሪ ጊታር ትሰማላችሁ። ጠፈርተኞቹ ካንትሪ ሙዚቃ በካሴት ይዘው ስለሄዱ ነው። ረጅምና ዝግ ያለ ድምፅ ይሰለቸናል የምትሉ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ በገና ስትሰሙ ሰዓት ታያላችሁ እንዴ?

ዳታ ውድ ነው፤ ለዚህ ግን ውድነቱ ይጠቅማል። አንድ አልበም አውርዱና ሳምንት ኑሩበት። ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀውን ሹፍል አጥፉት። የስልክ ስፒከር የታችኛውን ድምፅ ስለሚበላው በኢርፎን ስሙ።

አሁን ወደ «ኦን ላንድ» ልመለስ፤ ለእኛ ከተማ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። በ1980 ኢኖ ጋና ሄዶ ነበር። አክራ ላይ ኤዲካንፎ የሚባለውን ባንድ አልበም ፕሮዲውስ አደረገ። የአገሩን ሙዚቃና ንግግር ልቅዳ ብሎ ማይክና የካሴት መቅጃ ይዟል። ሲመሽ ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ያለውን ድምፅ ሁሉ በማይኩ እየሰበሰበ በኢርፎን ያዳምጥ ነበር። የቅርቡም የሩቁም አንድ ላይ ተቀላቅሎ እንደ ሙዚቃ ተሰማው። እስቲ እናንተም ሞክሩት። ጠዋት አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ሂዱ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የአሳውን ትርፍራፊ ሲጠብቁ ምንቃራቸውን ያንኳኳሉ፤ ደረቅ የእንጨት ድምፅ አለው። ከኋላ ጀልባ ይጎተታል፣ ሰው በሲዳምኛም በአማርኛም ዋጋ ይከራከራል፣ ባጃጅ ያልፋል። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቅዱ። ቤት ገብታችሁ ስሙትና ወዲያው «ኦን ላንድ»ን አስከትሉ። ማን ምን እንደሠራ ያኔ ይገባችኋል።

ኢኖ ለዚህ አልበም ሦስተኛ ስፒከር እንዴት እንደሚጨመርም ጽፏል። ዛሬ እንደዚያው አድርጌዋለሁ፤ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ያለውን ተመልከቱ። አንዱ ሽቦ በግራው ቀይ መውጫ፣ ሌላው በቀኙ ቀይ መውጫ ታስሯል። ጥቁሮቹን አልነካም። ስለዚህ የሚያጫውተው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በተለመደ ዘፈን ብትሞክሩት መሃል የተቀመጠው ዘፋኝ ከኋላ ይጠፋና ማሚቶው ይቀራል። ቤታችሁ ልትሞክሩ ከሆነ ግን ብሪጅ የሆነ፣ ማለትም ሁለት ማጉያ ተጣምሮ እንደ አንድ የሚሠራበት አምፕ ላይ እንዳትነኩት፤ ያቃጥላል።

የመጀመሪያውን ገጽ አሰማችኋለሁ፤ አራት ሥራዎች ናቸው። ማውራት የፈለገ ቀስ ብሎ ያውራ፤ ባጃጅ የሚያመልጠው ደግሞ ይሂድ፣ ማንም አይቀየመውም። ሻይ ቡናው በስተቀኝ ነው። መብራት ከሄደ ጄኔሬተር አላስነሳም፤ እስኪመጣ በጨዋታ እንቆያለን። በሉ፣ ከፈትኩት።