የጋሼ ሞተር እና የአዲስ አበባ አየር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ዓመታት ቆሞ ስለኖረ ሞተር ሳይክል ነው። ከአጎቴ ሞተር ጋር ከከረምኩ ወዲህ አጥብቄ የያዝኩት ሐሳብ አለ፦ አሮጌ ሞተር ስታስነሱ፣ ዕቃ ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ያለውን በደንብ እዩት።

ሞተሩ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፒያሳ፣ ሰራተኛ ሰፈር፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለብሶ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም አቆሙት። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ "በቃ ይቀመጥ" አሉ፣ ተቀመጠ።

ስለ ሲጂ 125 ትንሽ ልበል፣ ይገባዋል። ሆንዳ በፈረንጆቹ 1976 ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኩባንያው 125 ሲሲ ሞተሮች ካምሻፍታቸው፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች (ቫልቮቹን) የሚከፍተው ተሽከርካሪ ብረት፣ ከላይ ተቀምጦ በካቴና የሚዞር ነበር፤ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረላቸው ቶሎ ይጎዳሉ። መሐንዲሶቹ ሞተር እንደ በቅሎ ተጭኖ በሚውልባቸው አገሮች ያለውን አያያዝ ካዩ በኋላ ካሙን ወደ ታች አወረዱት፣ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋ ሞተር ሠሩ። የኋላውን ካቴናም አቧራ እንዳያገኘው ዙሪያውን ሸፈኑት። ለዚህ ለእኛ መንገድ የታሰበ ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። የቆመ ሞተር ያገኘ ሰው እግሩ ቀድሞ ማስነሻውን መርገጥ ነው የሚያምረው። እባካችሁ አትርገጡ። የፒስተኑ ፋሻዎች፣ ማለትም ዙሪያውን የከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዘው ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ካላቀቃችሁት ሲሊንደሩ ይጫራል፣ ፋሻውም ይሰበራል። እኛ ካንዴላውን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚያጭረውን ዕቃ፣ ፈትተን በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ጨመርንና አሳደርነው። ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተን የኋላ ጎማውን በእጅ ቀስ እያደረግን ወዲህ ወዲያ። እንቢ አለ። ዘይት ደግመን ጨምረን አሳደርነው። ፒስተኑ ሲላቀቅ በጎማው በኩል እጅ ላይ ይሰማል፤ ድርቅ ብሎ ይቆይና ድንገት ለስለስ ይላል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

የቤንዚኑ ጋን ውስጡ ዝጎ ነበር። አቼቶ ሞልተን አቆየነው፣ አጥበን አደረቅነው፣ ወዲያው በዘይት አለቀለቅነው፤ እርጥብ ከተተወ ዝገቱ ይመለሳል። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ዋናው ነገር ካርቡራተሩ ላይ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ማለት ነው። ቤንዚን ለዓመታት ሲቀመጥ ቀላሉ ይተንና ቡናማ ሙጫ ይተዋል፤ ያ ሙጫ ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቁራጭ፣ ድፍን ያደርገዋል። ሶማሌ ተራ ዕቃ ልገዛ ስሄድ አንዱ ወጣት "ሙሉ ካርቡራተር አዲሱን ውሰድ ወንድሜ፣ ምን አለፋህ?" አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው፣ ዋጋውም ከባድ አልነበረም። ሥራውን የሚመሩልኝ አዛውንት መካኒክ ግን አሮጌውን በነጭ ጋዝ አጠቡና ጂግለሩን ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። "ና እስቲ ልጄ፣ ቁጥሩን አንብብ።" አነበብኩ። ከፋብሪካው መመሪያ ላይ ካለው ያነሰ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳዋ ይጠብባል። የካቻቢቴ መግቢያዋ ጠርዝ ተበልቷል፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ፈትቷታል፣ አስሯታል፣ ሞክሯታል።

ለምን? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተመጠነ ጂግለር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል። ያ ድሮ የነካት መካኒክ ቀዳዳዋ የጠበበ ጂግለር አስገብቶ ሞተሩን ለዚህች ከተማ አስማምቶታል። ጋሼን ጠየቅኳቸው። "አዎ፣ ቸርችልን በሁለተኛ ነበር እያቃሰተ የሚወጣው፤ ካስተካከለልኝ በኋላ በሦስተኛ ይወጣው ጀመር" አሉኝ። የሰውየውን ስም አያስታውሱም። እኔ ግን የእጁን ሥራ አየሁት፤ አዲሱን ገዝቼ ቢሆን ከአሮጌው ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይገባ ነበር። ለዚህ ነው ዕቃ አትጣሉ የምለው። ያለቀ ይቀየር፤ ፍሬን፣ የደረቀ ጎማ፣ ባትሪ ላይ መሰሰት አያስፈልግም፣ ነፍስ ነው። ሰው አስቦ የነካውን ግን መጀመሪያ እንመርምረው።

ጂግለሯ ታጥባ ቦታዋ ገብታለች፣ ሞተሩም ተነስቷል፤ ድምፁን በሚቀጥለው ክፍል አሰማችኋለሁ። ጎማዎቹ ገና ናቸው፣ የቦሎና የፈቃዱም ጉዳይ አለ፣ እሱ ሳያልቅ አስፋልት አይነካም። የቀኝ ጎን ክዳኑም ጠፍቷል። የድሮው ሲጂ 125 ክዳን የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ጻፉልኝ።