እጅ መለዋወጫ የለውም፦ የአኒሜሽን ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ቅዳሜ በሬዲዮ ስለ አኒሜሽን ሥራና ስለ ስኬች (ፈጣን የእጅ ሥዕል) ልምድ ስናወራ ስልኩ እረፍት አልነበረውም። ሰዓቱ አልቆብን ግማሹን ጥያቄ ሳንመልስ ወጣን። በአየር ላይ የተመለሱትንም ያልተመለሱትንም እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ከጥያቄው በፊት ያለው ስም የጠያቂው ሰፈር ነው፣ የድሬዳዋ ወይም የሐረር። አብዛኞቹን ሁልጊዜ ስለምጠየቃቸው መልሴም ይደጋገማል። ቅር አይበላችሁ፣ እኔንም ሰልችቶኛል።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አኒሜት ሳደርግ እውላለሁ። ቤት ስገባ እርሳስ ማየት ያስጠላኛል። ስስል ከዋልኩ ሌላ ስኬች ምን ያደርግልኛል?

ስትስል አልዋልክም። የዛሬ ሥራ አብዛኛው በሪግ ነው። እጅና እግሩ ተቆራርጦ የተገጣጠመ፣ ሌላ ሰው የሳለው ገጸ ባህሪ ስታንቀሳቅስ ነው የዋልከው። በእጅህ የምትስል ብትሆን እንኳ የምትስለው የሌላ ሰው ዲዛይን ነው። አፍንጫው ትንሽ ከረዘመ ይመለስብሃል። ይሄ ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው፣ አልንቀውም። ዓይንህ ግን አዲስ ነገር ሳያይ ይውላል።

የአኒሜሽን አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆየው እንኳ 12 ሥዕል ይፈልጋል። ሰው ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ ደረቱን ወደ ፊት እንደሚጥል፣ እግሩን ወደ ራሱ እንደሚስብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወገቡ እንደሚነሳ አስተውለህ ካላወቅህ፣ እነዚያን 12 ሥዕሎች ከየት ታመጣቸዋለህ? ከሌላ ሰው አኒሜሽን ትቀዳለህ። የዲዝኒ ስቱዲዮ በ1932 እ.ኤ.አ. ዶን ግራሃም የሚባል የሥዕል መምህር አምጥቶ ከሕያው ሞዴል መሳል ማስተማር የጀመረው ጀማሪዎችን ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲስሉ የሚውሉት አኒሜተሮቹም ማታ ማታ ይማሩ ነበር።

አንተ ግን ማታ አትሞክረው፣ ደክሞሃል። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሳይከፈት 10 ደቂቃ ይበቃል። ደስ ቢልህም አታስረዝመው። ከረዘመ ሁለተኛ ሥራ ይሆንብሃል፣ በሳምንቱም ትተወዋለህ።

ከነምበር ዋን፦ ምን ዓይነት ደብተርና እርሳስ ልግዛ?

ኪስህ የሚገባ ደብተርና አንድ ቢክ እስክሪብቶ። ላጲስ አትግዛ።

ከለገሃሬ፦ ስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ ነው የምስለው። ችግር አለው?

አለው። ከስልክ አትሳሉ እያልኩ ድምፄ ሊጠፋ ነው። ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው ቆሟል። አንተ የምትሠራው ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። ክብደቱ ከየትኛው እግር ወደ የትኛው እንደሄደ ፎቶው አይነግርህም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ወጣቶች ግመል ሲያስኬዱ አይቼ አውቃለሁ። ፈረስ ነው የሚያስኬዱት፣ ሻኛ የተለጠፈበት ፈረስ። ግመል የአንድ ጎኑን ሁለት እግሮች ከሞላ ጎደል አብሮ አንስቶ ነው የሚራመደው። ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ይሄን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልግህም። አቦ፣ የድሬ ልጅ ሆነህ የግመልን አካሄድ ከስልክ ትማራለህ? ቀፊራ ገበያ ሄደህ ቁም። ሐረር ያላችሁም ማታ ጅብ የሚቀለብበት ሄዳችሁ ተመልከቱ። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ አካሄዱ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ውሻ አስመስላችሁ አትሳሉት።

ሲስሉ ለአንዱ ሥዕል 30 ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። መጀመሪያ የአከርካሪው መስመር፣ ቀጥሎ ክብደቱ ያረፈበት እግር። ፊትና ጣት ቢቀር ማንም አይከስህም።

ከገንደ ቆሬ፦ ሥራ ሲደራረብብኝ በርጫዬን ይዤ እስኪነጋ እስላለሁ። አውራ ጣቴና ሁለቱ ቀጥሎ ያሉት ይደነዝዛሉ፣ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል። ዲክሎፌናክ ስውጥ ለቀቅ ያደርገኛል። ጓደኛዬ ወጌሻ ጋ ሂድ ይለኛል። በዚህ ላይ የስኬች ልምዴን እንዳላቋርጥ ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ስኬቹን እርሳው። ዛሬውኑ ብዕሩን አስቀምጥ።

ይሄን ጥያቄ በተለያየ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ «ትንሽ ነው የሚያመኝ» ይላል። ሌላው «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አርፋለሁ» ይላል። ፕሮጀክት አያልቅም። እጅ መለዋወጫ የለውም። ለባጃጅ ጎማ ይገኛል፣ ለእጅ አንጓህ ግን የትም ሱቅ ሄደህ አታገኝም።

እኔ አኒሜተር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄን ያህል አውቃለሁ። አንጓችን ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችና አንድ ነርቭ በዚያች ጠባብ ቦታ አብረው ያልፋሉ። እዚያ ውስጥ እብጠት ሲኖር ነርቩ ይጨፈለቃል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ሲደነዝዙ፣ ሌሊት እጅህን እያራገፍክ ስትነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ቶሎ ከተያዘ በእረፍትና በማሰሪያ ብቻ ሊሻል ይችላል። ከቆየ ግን የአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ እየከሳ ይሄዳል። ያኔ ላይመለስ ይችላል።

አሁን የምታደርገውን ተመልከት። ጫቱ ድካምህን ይደብቅልሃል። ዲክሎፌናኩ ሕመምህን ይደብቅልሃል። አቁም የሚልህን ሁሉ ዝም አሰኝተህ ነው እስኪነጋ የምትስለው። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሆድህም ባዶ ነው። በባዶ ሆድ የሚዋጥ ዲክሎፌናክ ጨጓራ ያቆስላል። ሲደጋገም ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሸጡልህ ማለት ከረሜላ ነው ማለት አይደለም። ስለ በርጫ ልሰብክህ አልመጣሁም፣ የራስህ ጉዳይ ነው። ሥራና በርጫ ባንድ ሌሊት ሲገናኙ ግን የምትከፍለው በእጅህ ነው።

ወጌሻውን በተመለከተ፦ አትሂድ። ስብራት አይደለም፣ ወለምታም አይደለም። የተጨፈለቀ ነርቭ ሲታሽና ሲጎተት ይብስበታል። ሐኪም ቤት ሂድ፣ የአጥንት ወይም የነርቭ ሐኪም ይይህ፣ ፊዚዮቴራፒ ካለ ጠይቅ። የምትውጠውንም ኪኒን ሳትደብቅ ንገራቸው።

ሐኪሙ ወደ ሥራ ተመለስ ሲልህ ሦስት ነገር አስተካክል። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ ላይ የብዕሩን የግፊት መጠን አለስልሰው። ብዙ ልጆች ወፍራም መስመር ለማግኘት ታብሌቱን፣ በብዕር የሚሳልበትን ሰሌዳ፣ እንደ ጠላት ነው የሚወጉት። ሁለተኛ፣ ክርንህ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን፣ ረጅሙን መስመር ከትከሻህ ሳበው እንጂ ከአንጓህ አይደለም። ሦስተኛ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሳ። ስልክህ ላይ ደወል ሙላ፣ ሲደውል አታጥፋው።

እስከዚያ ልምዴ ይቋረጣል ካልክ ሄደህ ሰው ተመልከት። ተሸካሚው ጆንያ ሲያነሳ ጉልበቱ መቼ እንደሚታጠፍ ተከታተል። ለዚያ እጅ አያስፈልግም።

ከጀጎል፦ ሐረር ውስጥ ሰው ስስል አንዳንዶች ይቆጡኛል። በተለይ ሴቶች። እንዴት ላድርግ?

እውነታቸውን ነው። ሰው ሳይፈቅድ ፊቱን ትወስጅበታለሽ፣ ለምን አይቆጣ? ሰላምታ ስጪ፣ አስፈቅጂ፣ ደብተሩን አሳዪ። እምቢ ካሉ ዝጊው። መኪና ግርግር ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጋ ሂጂ። አንድ ቦታ ተቀምጠው አንድ እንቅስቃሴ ይደጋግማሉ፣ እግራቸው ፔዳል ላይ፣ እጃቸው ጨርቁ ላይ። ለአኒሜተር ከዚያ የተሻለ ሞዴል የለም። አንድ ነገር ብታሰፊላቸው ደግሞ የፈለግሽውን ያህል ያስቀምጡሻል። ወታደርና ኬላ ያለበት ደብተር አታውጪ፣ ማስረዳቱ ራሱ ቀንሽን ይበላዋል።

ከሸንኮር፦ እንዳልሰንፍ በየቀኑ አንድ ስኬች ቴሌግራም ላይ ልለጥፍ አስቤያለሁ።

አትለጥፍ። በሦስተኛው ቀን ላይክ መቁጠር ትጀምራለህ። በአምስተኛው ቀን የሚያምረውን ብቻ መሳል ትጀምራለህ። ከዚያ ጊዜ ለመቆጠብ ከስልክ መሳል ትጀምራለህ፣ ስለሱ ደግሞ ተነጋግረናል። የስኬች ደብተር አስቀያሚ ነገር የሚሳልበት ቦታ ነው። ሥራ ስታመለክት ጥቂት ጥሩ ገጾች መርጠህ ፖርትፎሊዮህ ውስጥ ታስገባለህ፣ አለቀ።

ከመጋላ፦ በዚህ ሙቀት እጄ እያላበው ታብሌቱ ላይ ይጣበቃል።

ከመዳፍህ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፍ፣ ወይም አሮጌ ካልሲ ቆርጠህ እንደ ጓንት አጥልቅ።

ከዚያው ከመጋላ፦ አንድ ዓመት ሙሉ አልሳልኩም። ከየት ልጀምር?

ነገ ጠዋት፣ ፊት ለፊትህ ካለው ነገር። የድሮውን ደብተር አትክፈተው፣ ትናደዳለህ።

ከሳቢያን አንዲት እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ካርቱን ሲስል ወረቀቱ አፍንጫው ሥር ነው። ማታ ማታ ራሴን አመመኝ ይላል። ሥዕሉን ላስከልክለው?

ኧረ እናቴ፣ ሥዕሉ ምን አደረገ! ወረቀቱን ያስጠጋው ስለማይታየው ይሆናል። ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ በዚህ ሳምንት።